«ልምድ አምጪ!» ከየት?

ማስታወቂያዋ አጭር ናት። የትምህርት ደረጃ፦ በባዮቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ በኢንዱስትሪና በምርምር ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ። ብዛት፦ 1። ደመወዝ፦ በስምምነት። ከታች ደግሞ ያቺ የማትቀረው ዓረፍተ ነገር ተለጥፋለች፦ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ።»

ጓደኛችን ማስታወቂያዋን በስልኳ አሳየችንና ሳቀች። የደስታ ሳቅ እንዳይመስላችሁ! «ሴት ነኝ፤ ተበረታትቻለሁ። ዲግሪውም አለኝ። ሦስት ዓመቱን ግን ከየትኛው ሱቅ ልግዛው?» አለችን።

እኛ ጋዜጠኝነት አጥንተን የወጣን ነን። ፒፔት ጨብጠን አናውቅም። ስለ ባዮቴክኖሎጂ የምናውቀው ከዚህች ልጅ ጋር ዶርም ተጋርተን በኖርንባቸው ዓመታት የሰማነውን፣ ከዚያም ወዲህ እሷንና የክፍል ጓደኞቿን በጥያቄ እያደረቅን ያገኘነውን ነው። ግን የምንናገረውን ለመናገር ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ልምድ ተማሪ ከቤቱ ቋጥሮት የሚመጣ ስንቅ አይደለም። የሚሰጥ ነገር ነው። ያልሰጡትን «አምጪ» ማለት ደግሞ ያልዘሩትን ለማጨድ ማጭድ መሳል ነው።

*

ባዮቴክኖሎጂ ሲባል ብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት ነጭ ጋዋን የለበሰ ፈረንጅ ነው። ወገኖች፣ ነገሩ ከጓዳችን የራቀ አይደለም። ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ለምርት ማሠራት ነው፤ በቃ። እርሾ ጨምራ ሊጥ የምታቦካ እናት፣ በጌሾና በብቅል ጠላ የምትጠምቅ እናት፣ እንሰት ፍቃ ጉድጓድ ውስጥ ቆጮ የምታብላላ እናት… ሁሉም በዓይን የማይታዩ ሠራተኞችን ቀጥረው ያሠራሉ። (ያውም ያለ ልምድ ማስረጃ!)

እስቲ አስቡት፦ እናት ልጇን ሊጥ ማቡካት የምታስተምረው በሃንድአውት ነው? አይደለም። አጠገቧ አቁማ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ታበላሻለች፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ አንዳንዴም ከመጠን በላይ ይቆመጥጣል። ቀስ በቀስ እጇ ይማራል። የዘመኑ ባዮቴክኖሎጂም እንደዚያው ነው። በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ያማረ ባክቴሪያ ወደ ሺህ ሊትር ታንክ ሲገባ እምቢ ይላል። ሙቀቱ፣ አየሩ፣ አማሳሰሉ ሁሉ ይለወጣል። ይህን መጽሐፍ ይነግራችኋል፤ እጅ የሚያውቀው ግን ታንኩ አጠገብ ሲቆም ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀጣሪው ልምድ መጠየቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። የምርምር ልምድ ጥያቄ ማንሳትን፣ መጠራጠርን፣ ያልተገኘውን መፈለግን ያስተምራል። የኢንዱስትሪ ልምድ ደግሞ አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ሳያዛንፉ መድገምን፣ እያንዳንዷን እርምጃ መዝግቦ መፈረምን ያስተምራል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። መድኃኒት የሚያመርት ድርጅት ታንክ አይታ የማታውቅን ልጅ ታንኩን አስረክቦ ይተኛ አንልም። እኛም መድኃኒቱን እንውጠዋለንና!

የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁሉም ልምድ ያለው ከፈለገ የመጀመሪያውን ቀን የሚሰጠው ማነው?

*

የጓደኛችንን ነገር እናውራችሁ። የመመረቂያ ሥራዋ በስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ላይ ነበር። ሻላና አቢጃታ ዘንድ የሄደ ሰው ውኃውን ያውቀዋል፤ እጅ ላይ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በዚያ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሌላውን የሚገድለው ሶዳ ለእነሱ ቤታቸው ነው፤ የሚያመነጩት ኢንዛይምም ሶዳን አይፈራም። ይህ ደግሞ ለቆዳ ፋብሪካ ትልቅ ነገር ነው። ፋብሪካዎች ፀጉርን ከቆዳ የሚያስለቅቁት በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው፤ ፍሳሹ ይገማል፣ ወንዝ ይበክላል። ያንን ሥራ ኢንዛይም ሊሠራው ከቻለ የኬሚካሉ ብዛት ይቀንሳል ማለት ነው።

ጓደኛችን ከበዓል በግ ቆዳ ላይ መዳፍ የምታህል ቆርጣ ላቦራቶሪ ወሰደች። በኢንዛይሟ ነክራ አሳደረችው። ጠዋት በጣቷ ስትዳብሰው ፀጉሩ ለቀቀ። ያን ቀን ደውላልን «ተላጠ! ተላጠ!» ስትል እኛ እሷን የሆነ ነገር የነካት መስሎን ነበር።

እስከዚያች ጠዋት ድረስ ግን ስንት ነገር ነበረ! ሁለት ዓመት ከሚባለው ትምህርት አንዱ ዓመት በክፍል ውስጥ በስላይድ አለቀ። በሁለተኛው ዓመት ያዘዘችው ኬሚካል ወራት ፈጅቶ መጣ፤ በበረዶ ታሽጎ የተነሳው ዕቃ መጋዘን ውስጥ በወረቀት ጉዳይ ሰንብቶ በረዶው ውኃ ሆኖ ደረሰ። ያንን ኬሚካል ከኪሷ ጨምራ ነው የገዛችው። አንድ ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩን የሚያስነሳ ሰው ስላልነበረ ናሙናዋ ተበላሸ። አንዱ ማሽን ደህና ነው ግን አምፖሉ የለም፤ ሌላው አምፖል አለው ግን የሚጠግነው ሰው የለም። በእጇ የሠራችባቸውን ቀናት ብንደምራቸው ከአንድ ክረምት አይበልጡም። ያችን አንድ ክረምት ነው እንግዲህ «የምርምር ልምድ» ብለን የምንጠራላት።

ኢንዱስትሪውስ? ከትምህርት ክፍሏ የትብብር ደብዳቤ አጻፈች። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። በዚህ አገር ለሚመለከተው ሁሉ የተጻፈ ማንንም አይመለከትም። አንድ ቆዳ ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃው ደብዳቤውን አገላብጦ አየና «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ናቸው» አላት። በሌላ ቀንም ስብሰባ ነበሩ። በሦስተኛው አንድ የምርት ክፍል ኃላፊ አገኘች፤ ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ሻይ ጋበዟት። «ልጄ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ግን አንቺን አስገብቼ አንድ ከበሮ ሙሉ ቆዳ ቢበላሽ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ባትገቢ ግን ማንም አይጠይቀኝም» አሏት።

እኛ ይህን ንግግር ደጋግመን አስበነዋል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ተማሪ ያስገባ ይጠየቃል፤ በሩን የዘጋ ግን አይጠየቅም። ታዲያ ማን ሞኝ ነው የሚከፍት?

ጥናቱ ተጠርዞ አለቀ፤ ውጤቱም ኤ ሆነ። ዛሬ መደርደሪያ ላይ ነው። የምርት ክፍል ኃላፊው አንድ ቅጂ አልደረሳቸውም። ከበሮአቸውም በኖራና በሰልፋይድ መዞሩን ቀጥሏል።

*

«ተማሪዎቹ ራሳቸው አይችሉም» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ እ.ኤ.አ. 2020ን እናስታውሳችሁ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ኮሮና ገና ስሙ ሲሰማ ከአገራችን የተጠርጣሪዎች ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምርመራው እዚሁ ተጀመረ። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ አርማወር ሐንሰን፣ ከዚያም በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ላቦራቶሪዎች ተሰለፉ። ሥራው ፒሲአር ነው፤ እነዚህ ልጆች የተማሩት ማለት ነው።

ጓደኛችን ከገቡት አንዷ ነበረች። በሌሊት ፈረቃ፣ በላብ የሚያጠምቅ ልብስ ለብሳ፣ ለወራት ሠራች። እያንዳንዷ ናሙና ቁጥር አላት፣ እያንዳንዷ እርምጃ ፊርማ አላት፣ ስህተት የሰው ሕይወት ነው። የኢንዱስትሪ ሥርዓት ከዚህ በላይ ምን አለ? ወረርሽኙ ሲበርድ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱ «በበጎ ፈቃድ ላገለገሉበት» ይላል። ወረቀቱን ለአንድ ቀጣሪ ስታቀርብ ምን እንደተባለች ገምቱ። «ይሄ የሥራ ልምድ አይደለም፤ የደመወዝ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ አምጪ።»

ሲቸግረን ባለሙያ፣ ሲያልፍልን በጎ ፈቃደኛ! ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

*

ሁለተኛው መልስ «ድሃ አገር ነን» የሚለው ነው። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ አገልግሏል፤ ጡረታ ቢወጣ ጥሩ ነው።

ኩባን እንመልከት። ሀብታም አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ጎረቤቷ አሜሪካ ማዕቀብ ጥላባታለች። እ.ኤ.አ. በ1981 ጥቂት ሳይንቲስቶቿን ሄልሲንኪ ወደሚገኘው የፊንላንዳዊው ካሪ ካንቴል ላቦራቶሪ ላከች። የሄዱት ለዓመታት አልነበረም፤ ለቀናት ነው። ኢንተርፌሮን የተባለውን መድኃኒት ከደም ሴሎች ማምረትን አዩ፣ ነኩ፣ ጽፈው ያዙ፣ ተመለሱ። ሃቫና ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ላቦራቶሪ ከፍተው በሳምንታት ውስጥ አመረቱ። እ.ኤ.አ. በ1986 የጄኔቲክ ምሕንድስናና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከላቸውን አቋቋሙ። ተመራማሪውም አምራቹም በአንድ ጥላ ሥር ናቸው፤ ሐሳብ ያመነጨ ሰው ሐሳቡን እስከ ብልቃጡ ድረስ ይሸኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሀብታም አገሮች ክትባት ሲሻሙ ኩባ አብዳላ የተባለውን የራሷን ለሕዝቧ ትወጋ ነበር።

ህንድም በዚያው በ1986 ለባዮቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቋቋመች። የዚህ መሥሪያ ቤት አንዱ ሥራ ተመራቂዎችን ለ6 ወራት ኩባንያዎች ውስጥ ከአበል ጋር ማስቀመጥ ሆነ። «ልምድ አምጡ» አላለችም፤ ልምዱን ራሷ ከፍላ ሰጠች።

እኛም ዘንድ ቢሆን ጭላንጭሉ አለ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ክትባቱ ከራሳችን አልፎ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይሄዳል። ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በደንብ ተቋቁሟል፤ ዛሬ «ባዮ ኤንድ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» ይባላል። ስለዚህ ከዜሮ አልተነሳንም። የጠፋው ተማሪዋን ከላቦራቶሪው ወደ ማምረቻው የሚያሻግር ድልድይ ነው።

*

ይህ ድልድይ ባለመኖሩ የምንከፍለው ዋጋ የአንዲት ልጅ ሥራ ማጣት ብቻ ቢሆን እንኳ ባልጻፍን ነበር። (እንጽፍ ነበር፤ ጓደኛችን ናት!) ግን ዋጋው ከዚያ ይበልጣል።

እንዶድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ግኝት፣ ያውም ከጓሮ! ግን እንዶድ በሰፊው ሥራ ላይ እንዲውል ድጋፍ ሲጠየቅ «የመርዛማነት ምርመራው ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ ይሠራ» ተባለ። እዚህ የተሠራው ጥናት በውጭዎቹ ዘንድ ክብደት አላገኘም። ያንን ደረጃ ለማሟላት ብዙ ዓመታት ነጎዱ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲቀበሉ ግኝቱ 25 ዓመቱ ነበር። የፈረንጆቹ ንቀት እንዳለ ሆኖ፣ ሐቁን እንነጋገር፦ «ደረጃውን የጠበቀ ላቦራቶሪ» ማለት ያ ማስታወቂያው የሚጠይቀው የኢንዱስትሪ ልምድ ማለት ነው። እያንዳንዷን እርምጃ መዝግቦ፣ ፈርሞ፣ ሌላ ሰው እንዲደግመው አድርጎ መሥራት። ያኔ እዚህ አልነበረንም። ዛሬስ ስንት ሰው አሠልጥነናል?

ጤፍንም እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ውል ተፈራረመች። እ.ኤ.አ. በ2007 ኩባንያው በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ መብቱ ግን አብሮት አልሞተም፤ ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ መብቱን እስኪሽረው ድረስ ስንት ዓመት «ጤፋችንን ተሰረቅን» ስንል ከረምን። ተሰርቀናል፤ እንናደድ። ግን ሰዎቹ ያደረጉት ምን ነበር? ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲፈጭ የሚያሳየውን ባሕርይ በቁጥር ለክተው ጻፉት። እናቶቻችን በእጃቸው የሚያውቁትን ሰዎቹ በመሣሪያ ለክተው ወረቀት ላይ አሰፈሩት። የጤፍ የዘር ካርታም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም ሥራው የተመራው ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከፊት የነበሩት የኛው ሰው፣ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ናቸው። እንኮራባቸዋለን። ግን ጤፉ እዚህ፣ ሰውየውና ማሽኑ እዚያ! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ሲሆን አይደለም እንዴ?

*

ጣት ከመቀሰር በፊት ወደ ራሳችንም እንመልከት። እኛ ጋዜጠኞች የባዮቴክኖሎጂ ዐውደ ጥናት ላይ ቆሎ ቆርጥመን፣ ውኃ ጠጥተን፣ «ዘርፉ ለአገር ዕድገት ወሳኝ መሆኑ ተገለጸ» ብለን እንጽፋለን። ማን ገለጸ? ለማን? ከዚያ ምን ሆነ? አንጠይቅም። እናንተ ተማሪዎችም ብትሆኑ ከነቀፌታ አታመልጡም። ማስተርሱን ለደመወዝ እርከን ብቻ የሚይዝ፣ ካለፈው ዓመት ጥናት የባክቴሪያውን ስም ቀይሮ የሚያስረክብ፣ ቀላሉን ርዕስ ፈልጎ የሚሽሎከሎክ ሞልቷል። አማካሪዎችም ስማቸው ጽሑፉ ላይ እንዲወጣ እንጂ ኢንዛይሙ ቆዳ ላይ እንዲወጣ ብዙም ሲጨነቁ አላየንም።

እና ምን ይሁን ነው የምትሉት? ብላችሁ ብትጠይቁን፣ አራት ነገር።

አንደኛ፣ በባዮቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ማምረቻ ውስጥ ይዋል። በልምምድ ስም ፋይል ሲያመላልስ ሳይሆን አንድ የፋብሪካውን እውነተኛ ችግር ተሸክሞ። አበል ይከፈለው፤ ቆዳ ቢበላሽም ኃላፊው ብቻውን የማይጠየቅበት ውል ይኑር። እንዲያውም ተማሪ ያልተቀበለ ፋብሪካ «ለምን?» ይባል።

ሁለተኛ፣ ያ ግማሽ ዓመትና የላቦራቶሪው ጊዜ በሙሉ የሥራ ልምድ ተብሎ በሕግ ይቆጠር። የኮሮናውን ሌሊት የሠሩት ልጆች ወረቀትም ከዛሬ ጀምሮ ይቆጠር። ይህ አንዲት ገጽ መመሪያ ነው፤ ዶላር አይፈልግም!

ሦስተኛ፣ በበረዶ የሚመጣ የምርምር ኬሚካል እንደ ብረታ ብረት መጋዘን አይደር። ፈጣን መስመር ይከፈትለት። ዩኒቨርሲቲዎችም እያንዳንዳቸው ለብቻ ከመግዛት በጋራ ይግዙ፤ ከማሽኑ ጋር የሚጠግነውንም ሰው ያሠልጥኑ።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት ከመደርደሪያው በፊት ለሚመለከተው ፋብሪካ ይድረስ። ለሚመለከተው ሁሉ ሳይሆን፣ በስም፣ በአድራሻ፣ በፊርማ።

ጓደኛችን ዛሬ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ጎበዝ መምህርት ናት፤ ሥራውንም አንንቅም። ሰሞኑን ግን ውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ የምታመለክትበትን ደብዳቤ እንድናይላት ላከችልን። ቅጹ ላይ ምን የሚል ቢጠይቃት ጥሩ ነው? «የኢንዱስትሪና የምርምር ልምድዎን ይግለጹ።» የሶዳ ሐይቁን ጻፈች። የበጉን ቆዳ ጻፈች። የኮሮናውን ሌሊት ጻፈች። እኛ «በበጎ ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ሰረዝንላት።

ብትሄድ አንፈርድባትም። የሚሰጣት ካገኘች ትሄዳለች፤ ከዓመታት በኋላም ስሟ አንድ ትልቅ ጽሑፍ ላይ ሲወጣ «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ» ብለን ዜና እንሠራላታለን። እርሾ የነፈግነውን ቤት እንጀራ ስንለምን የምንኖረው እንዲህ ነው።

ባክቴሪያዎቿ አሁንም ላቦራቶሪው ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ስሟ የተጻፈባቸው ትናንሽ ብልቃጦች። አንድ ደግ ቴክኒሺያን ነው የሚጠብቅላት። የሚጠይቃቸው ፋብሪካ እስኪመጣ ድረስ ይኖራሉ፤ መብራት ካልጠፋ።

ቸር ይግጠመን!